አሥራ አራተኛው መቀመጫ

የኬብል ሳጥኑ ማኅተም ተቆርጦ የተገኘው ውድድሩ ባለቀ በማግስቱ ነው። ቁጥር የታተመበት ቀይ የፕላስቲክ ማሰሪያ ነው፤ አንዴ ከተቆለፈ ካልቆረጡት በስተቀር አይከፈትም። የቆረጠው ሰው ቁራጮቹን ከማንሳት ይልቅ በእግሩ ገፋ አድርጎ ከሳጥኑ ሥር ከቷቸዋል።

«ስንት ሰው ሞተ?» አልኩት ሳጅኑን።

«ኧረ ማንም አልሞተም ጌታዬ። ፕላስቲክ ነው የተቆረጠው።»

«ጥሩ።»

ለቀልድ አልነበረም። አሥራ አንድ ዓመት ግድያ ስመረምር ኖሬ ነው ወደ ኮምፒውተር ነክ ወንጀሎች ክፍል የተዛወርኩት። ባለቤቴ «አንተ ሰው ደንዝዘሃል» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ስትለኝም አልከፋኝም፤ ለመከፋትም ስሜት ያስፈልጋል።

አዳራሹ ውስጥ አርባ ጠረጴዛ አለ፤ በአምስት ረድፍ፣ ስምንት ስምንት። በየጠረጴዛው አንድ ኮምፒውተርና ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ተቀምጧል። ዋና ዳኛው ሸምገል ያሉ፣ ሸሚዛቸው እስከ አንገት የተቆለፈ ሰው ናቸው። ነገሩን ለተማሪ እንደሚያስረዱ ሁሉ አስረዱኝ።

«አርባ ልጆች፣ አሥር ጥያቄ፣ አምስት ሰዓት። ጥያቄውን የሚፈታ ፕሮግራም ጽፈው ይልካሉ፤ ልክ ነው አይደለም ብሎ የሚፈርደው ማሽኑ ነው። ሰው እጁን አያስገባም። ብዙ የፈታ ያሸንፋል፣ እኩል ከሆኑ ቀድሞ የጨረሰ።»

«ያሸነፈ ምን ያገኛል?»

«በምርምር ተቋሙ አንድ ቦታ። መኖሪያውም ትምህርቱም እዚያው፣ አራት ዓመት። በዓመት አንድ ሰው ብቻ ነው የሚገባው።»

ችግሩ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ነበር። እሱን የፈቱት አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ በእጁ ፍጥነት መብረቅ የሚሉት ወጣትና ስሟን ከሚያውቅ ይልቅ ዝምተኛዋ ብሎ የሚጠራት ሰው የሚበዛ ልጅ። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራዎችን እርስ በርስ የሚያስተያይ ፕሮግራም አስገብተው ኖሮ፣ ከመቶ አርባ ሦስት መስመር መቶ አርባው አንድ ዓይነት ነው አላቸው። መብረቅ የላከው ስድስት ሰዓት ከሃያ ዘጠኝ ላይ ነው። እሷ ደግሞ ስድስት ሰዓት ከሠላሳ ሁለት።

«ማሽኖቹን ልያቸው።»

«ውድድሩ እንዳበቃ ሁሉም ይጠረጋሉ። ደንብ ነው። የቀረው የላኩት ሥራ ብቻ ነው።»

የመቀመጫውን ዝርዝር ሰጡኝ። እሷ አሥራ አራት ቁጥር፣ እሱ ሃያ ሁለት፤ ልክ ከኋላዋ።

«ከኋላዋ ያለውን ልጅ ስክሪን በምን ዓይኗ አየችው?» አልኳቸው።

«የኬብል ሳጥኑ ለዚያ ይሆናላ!» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የምትውለው ስልክ መጠገኛ ሱቅ ነው አሉ። ኬብል ታውቃለች።»

ነገሩ ግልጽ ነው። ቀድታ ከተገኘች ከውድድሩ ትሰረዛለች፤ ማኅተሙንም የቆረጠችው እሷ ከሆነች የመንግሥት ንብረት ሰብሮ መግባት ነውና እስር አለው።

መጀመሪያ የያዝኩት ግን የኔትወርክ ባለሙያውን ነው። የሳጥኑ ቁልፍ ያለው እሱና ዋና ዳኛው ዘንድ ብቻ ነው፤ መቁረጫም ከኪሱ አይጠፋም። ሳየው ላብ ላብ አለው፤ ደስ አለኝ ልበል፣ ደስ የሚለኝ ቢሆን ኖሮ። ነገር ግን ሳጥኑን ሁለት ሰዓት ላይ አሽጎ፣ መብራት ይጠፋል ተብሎ ተፈርቶ ስለነበር ቀኑን ሙሉ ጄኔሬተር ቤት ውሏል። ጥበቃው አብሮት ነበር፤ ዳማ ሲጫወቱ አራት ጊዜ እንዳሸነፈውም ሳልጠይቀው ነገረኝ።

«በሳጥኑ በኩል ገብቶ የሌላውን ሥራ ማንበብ ይቻላል?» አልኩት ባለሙያውን።

«አይቻልም። በኬብሉ የሚያልፈው የታሸገ ፖስታ በለው። ብትይዘውም አታነበውም።»

«ታዲያ ሳጥኑን የከፈተ ሰው ምን ይሠራል?»

«ኬብል ነቅሎ ሌላ ቦታ ይሰካል። እያንዳንዱ ልጅ መግባት የሚችለው ለመቀመጫው በተመደበው ኬብል ብቻ ነው። ከዚያ ሌላ ምንም አይሠራም።»

በአጠገባቸው የተቀመጡ አራት ተወዳዳሪዎችን ጠየቅኩ። ከጎኑ ማን እንደነበር የሚያውቅ አንድ አልተገኘም። አምስት ሰዓት ሙሉ ስክሪን ላይ ተተክሎ የዋለ ሰው ጎረቤቱ ቢቀየር አያውቅም። መብረቅ በስልክ «ሃያ ሁለት ላይ ነበርኩ፤ እሷ ከፊቴ» አለኝ። የአዳራሹ ካሜራ ደግሞ የሚያየው በሩን ብቻ ነው።

ሱቁ ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው በር ላይ የሚቆም ዓይነት ነው። ታላቅ ወንድሟ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሟል። እሷ ከጥጉ አጎንብሳ የተፈታ ስልክ ላይ ትበይዳለች። መታወቂያዬን ሳሳየው ወንድሟ ፈገግታው ከፊቱ ላይ ጠፋ።

«ስልክ ሊያሠሩ መስሎኝ ነበር ጋሼ።»

«እህትህን ላናግራት ነው።»

ቀና ብላ አየችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ድፍረት አይደለም። ጠፍጣፋ፣ ምንም የማይታይበት ፊት ነው፤ እኔ በየጠዋቱ በመስታወት የማየውን ፊት መሰለኝ።

«ሰባተኛውን ጥያቄ የፈታሽው ራስሽ ነሽ?»

«አዎ።»

«ከእሱ ሦስት ደቂቃ ዘግይተሽ ነው የላክሽው።»

«ወረቀት ስጠብቅ ነው።»

«የምን ወረቀት?»

መበየጃውን አስቀመጠች። የተሳሳተ ሥራ የላከ ተወዳዳሪ ሃያ ደቂቃ ይቀጣል። እሷ ስለዚህ ሳታጣራ አትልክም፤ የጻፈችውን አሳትማ፣ በወረቀት ላይ በእስክሪብቶ መስመር በመስመር እያነበበች ስህተቱን ትፈልጋለች። አዳራሹ ጎን ማተሚያ አለ፣ ወረቀት የሚያመላልስም ሰው አለ። ስድስት ሰዓት ላይ እንዲታተም ላከች፤ ወረቀቱ ግን አልመጣም። እጇን አወጣች። «ጠብቂ» አሏት። ሃያ ደቂቃ ያህል ጠብቃ ተስፋ ስትቆርጥ ስህተቱን ከስክሪኑ ላይ ፈልጋ አገኘች።

«ይሄን ለምን ለዳኞቹ አልነገርሽም?»

«ማንም አልጠየቀኝም።»

«የት ነበር የተቀመጥሽው?»

«ያስቀመጡኝ ቦታ።»

ይህን ስትል ዓይኗን ከስልኩ ላይ አላነሳችም። አጠገቧ ያለው ደብተር ሽፋን የለውም፤ የመጀመሪያው ገጽ ገና ካሁኑ ጠቁሯል።

«በሚቀጥለው ዓመትስ?» አልኳት ለመውጣት ስዘጋጅ።

«ዕድሜዬ ያልፋል።»

ወንድሟ እስከ በር ሸኘኝ። «አምስት ዓመት ሞክራለች» አለ። «በዚች ጥግ ተቀምጣ አርጅታ እንዳትቀር ብዬ ሥራውን ሁሉ እኔ ስይዝላት ነበር። አትዋሽም ጋሼ። ዝም ትላለች እንጂ አትዋሽም።»

የሁሉም ወንድም እንዲህ ይላል። ግን ጻፍኩት።

ወረቀት የሚያመላልሱት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው ሴትዮ። ማተሚያው ያለበት ጠባብ ክፍል ውስጥ አገኘኋቸው።

«እማማ፣ ስድስት ሰዓት ላይ የታተመ ወረቀት ጠፍቷል ይባላል።»

«ከእኔ እጅ? ሞቼ ነው ቆሜ?» አሉ ተቆጥተው። «ማሽኑ የመቀመጫውን ቁጥር ራሱ ከላይ ያትመዋል። አሥራ አራት ይላል፣ አሥራ አራት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። በዚያ ሰዓት የታተመው እሱ ብቻ ነው።»

«ለእሷ በእጇ ሰጧት?»

«ኧረ የለም። ደንቡ ወረቀቱን ገልብጠህ ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀምጥ፣ አታናግር፣ ፊቱንም አትይ ነው። አድልዎ እንዳይሆን። እኔ የማየው ቁጥሩን ነው።»

እንግዲህ ከሁለቱ አንዳቸው ዋሽተዋል። አሥራ አራት ቁጥር የልጅቷ መቀመጫ ነው፤ ወረቀቱ አሥራ አራት ደርሷል፤ ልጅቷ አልደረሰኝም ትላለች። ወደ ቢሮ ሄጄ የእስር ማዘዣ መጠየቅ እችል ነበር። ለምሳ ሰዓት ገና ስለነበር ብቻ የሁለቱን ሥራ እዚያው አውጥቼ ጎን ለጎን ዘረጋሁ።

ሰው ሁሉ ያየው አንድ ዓይነት የሆኑትን መቶ አርባ መስመሮች ነው። እኔ ፕሮግራም አላነብም፤ ለእኔ ሁሉም አንድ ነው። ስለዚህ የማይመሳሰሉትን ሦስት መስመሮች አየሁ። ሦስቱም ከሌሎቹ ይረዝማሉ። ሦስቱም መጀመሪያቸው በሁለቱም ሥራ ላይ አንድ ነው፤ ወደ መጨረሻው ሲደርሱ ነው የሚለያዩት። ፊደሎቹን በጣቴ ቆጠርኩ። የመጀመሪያው ከዘጠናኛው ፊደል በኋላ ይለያል። ሁለተኛውም ከዘጠናኛው በኋላ። ሦስተኛውን ስቆጥር ሴትዮዋ ከጀርባዬ ቆመው አብረውኝ ይቆጥሩ ነበር።

«ዘጠና» አሉ እሳቸው ቀድመውኝ።

«እማማ፣ የእሷን ሥራ በዚህ ማተሚያ ያትሙልኝ።»

አሮጌው ማተሚያ እየተንቋቋ ሦስት ገጽ አወጣ። ረጃጅሞቹ መስመሮች ወረቀቱ ጠርዝ ሲደርሱ ተቆርጠዋል። የቀረው አልታተመም። የተቆረጡበትን ቦታ ቆጠርኩ፤ ዘጠና።

ቁጭ አልኩ። ከስክሪን የቀዳ ሰው መስመሩን ሙሉውን ያየዋል። እስከ ዘጠናኛው ፊደል ብቻ ቀድቶ ቀሪውን ከራሱ የሚሞላው ወረቀቱን ይዞ የቀዳ ሰው ነው። ወረቀቱ ደግሞ የእሷ ነው። ያ ማለት ቀጂው መብረቅ ነው፤ የቀደማትም እሷ ወረቀት ስትጠብቅ ነው። ግን አሥራ አራት ላይ የተቀመጠ ወረቀት ሃያ ሁለት እንዴት ደረሰ?

«ስትሰበስቡ የተረሳ ነገር አግኝታችኋል?»

ሴትዮዋ መሳቢያ ከፈቱ። የውሃ ጠርሙስ፣ አንድ ጓንት፣ ፕላስተር የተለጠፈበት ወፍራም ሮዝ ካርቶን።

«ይሄ ምንድነው?»

«የደብተር ሽፋን ነው። ሃያ ሁለት ቁጥር ጠረጴዛ፣ ስክሪኑ ጎን ላይ ለጥፈውት ነቀልኩት። እዚያ ጋ መጋረጃው ተቀዶ ጠዋት ፀሐይ ዓይን ያወጣል፤ መከለያ ማድረጋቸው ነው።»

ሽፋን የሌለውን ደብተር ያየሁት ከሁለት ሰዓት በፊት ነው። ሃያ ሁለት ላይ ተቀምጣ የዋለችው ዝምተኛዋ ናት።

መብረቅን የዚያኑ ቀን ቢሮ አስጠራሁት። ወንበሩ ላይ ዘና ብሎ ተቀመጠ። የታተሙትን ሦስት ገጾች ገልብጬ ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀመጥኩ፤ ምንም አልተናገርኩም። ደሙ ከፊቱ ሲሸሽ አየሁ።

«አልሰረቅኩም» አለ። «እኔ ማሳተም የሚባል ነገር አላውቅም። መጥተው አስቀመጡት። ገለበጥኩት። ሰባተኛው ጥያቄ ሁለት ሰዓት ሙሉ እንቢ ብሎኝ ነበር፤ መልሱ እፊቴ ተቀመጠ።»

«እጅህን አውጥተህ የእኔ አይደለም ማለት አትችልም ነበር?»

«እችል ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እጄ መጻፍ ጀመረ። የተቆረጠውን ጫፍ ከራሴ ሞላሁ። የእሷ ስህተት እዚያው ጫፍ ላይ እንደነበር እንኳ አላውቅም ነበር፤ አንዴ ስልከው አለፈ።» ጣቶቹን አየ። «የሚያስተያይ ፕሮግራም እንዳለ አልነገሩንም።»

«አሥራ አራት ላይ ማን አስቀመጠህ?»

«ፀሐይ አስቸገረኝ ብዬ ለዋና ዳኛው ነገርኳቸው።»

ዋና ዳኛው ዘንድ ስሄድ ሮዙን ካርቶን ይዤ ነው። ሲያዩት አልተቆጡም፣ አልካዱም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ሊጀመር ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ነው። እንግዶቹ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ልጁ ያጉረመርማል። ቦታ ላቀያይራቸው ብል ደግሞ ከተመደበላቸው ኬብል ውጭ አይገቡም። ባለሙያውን ብጠራ ቃለ ጉባኤ፣ አዲስ ማኅተም፣ አንድ ሰዓት መዘግየት ነው። ሳጥኑን ከፍቼ ሁለቱን ኬብሎች አቀያየርኩና ዘጋሁት።»

«ስለዚህ ማሽኑ እሷን አሥራ አራት ላይ ናት ብሎ ያምናል። ወረቀቷንም ወደ አሥራ አራት ላከ።»

«ወረቀቱን አላሰብኩትም። እግዚአብሔር ያውቃል፣ አላሰብኩትም።»

«ለምን እሷን መረጡ? ፀሐዩ ላይ የሚቀመጥ ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው?»

«እንቢ እንደማትል ስለማውቅ» አሉ።

«እስር ቤት ልትገባ ነበር። ኬብል ታውቃለች ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዲህ ዓይነት ሰው ላይ እጮህ ነበር። አፌን ከፍቼ ቁጣዬን ፈለግኩት፤ የለም። ቃላቸውን አስፈርሜ ወጣሁ።

ዝምተኛዋ ቃሏን ለመስጠት ጣቢያ የመጣችው በማግስቱ ነው። ወንድሟ በረንዳው ላይ ቀረ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ወረቀቱን፣ ኬብሉን፣ ዘጠናኛውን ፊደል። ደስታም እልህም ፊቷ ላይ አላየሁም።

«ቦታ መቀየርሽን ያኔውኑ ብትነግሪኝ የአንድ ቀን ልፋት ይተርፈኝ ነበር» አልኳት። «የሚያድንሽ ነገር እሱ ነበር እኮ።»

«የሚገድለኝ መስሎኝ ነበር። ከኋላው ተቀምጬ ነበር ካልኩ ስክሪኑን አየች ይሉኛል።»

«አላየሽማ።»

እስክሪብቶዬ ወረቀቱ ላይ ቆሟል።

«አይቻለሁ» አለች።

ቀና ብዬ አየኋት።

«ስድስት ሰዓት ከሩብ አልፎ ነው። ወረቀቱን የሚያመጣ ሰው አለ ብዬ ቀና ስል ስክሪኑ ዓይኔ ውስጥ ገባ። የራሴን መስመሮች ሲጽፍ አየሁት። እኔ ራሴ ያወጣኋቸው ስሞች ሁሉ አሉበት። መጀመሪያ ያበድኩ መሰለኝ። ከዚያ እጆቼ ቀዘቀዙ። ብናገር ማን ያምነኛል? ደንቡ ደግሞ አለ። የሌላ ተወዳዳሪ ስክሪን ያየ ይሰረዛል፤ በምን ምክንያት አይልም። ከዚያ ጀምሮ ምንም አይሰማኝም ጋሼ። ስበይድ እጄን አቃጥዬ እንኳ አላወቅኩም።»

አውራ ጣቷን አሳየችኝ። ቁስሉ ክብና ጥቁር ነው።

«ያየሁት ነገር ጠቀመኝ አልጠቀመኝም አላውቅም» ብላ ቀጠለች። «ስህተቴን ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው። የእሱን አልቀዳሁም፤ የእሱ የእኔ ነው። ግን አይቻለሁ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። «ስሚ፣ ይሄን የጠየቀሽ የለም።»

«አላየሽማ ብለው ጠየቁኝ። መለስኩ። ይጻፉት።»

«የምትፈርሚው የራስሽን ስረዛ ነው።»

«ያየሁትን ካልጻፉ የቀረውንስ ማን ያምነዋል?»

ሃያ ሁለት ዓመት ምስክር የተናገረውን ስጽፍ ኖሬያለሁ። እጄ ሌላ ነገር አልለመደም። ጻፍኩት። አንብባ ፈረመች፤ አንድ ቦታ ላይ «ሲጽፍ» የሚለው «ስክሪኑ ላይ ሲጽፍ» እንዲባል አሳረመችኝ።

የውድድር ኮሚቴው ሁለት ሳምንት ተሰብስቦ ወሰነ። ዋና ዳኛው ከኃላፊነት ተነሱ። መብረቅ ለዘለዓለም ታገደ። ዝምተኛዋ የማኅተሙም የመቅዳቱም ክስ ተነሳላት፤ ሆኖም ደንቡ ለሁሉም እኩል ነውና በገዛ ቃሏ መሠረት ውጤቷ ተሰረዘ። ቦታው ሦስተኛ ለወጣው ተሰጠ። ደብዳቤው ጨዋ ነው፤ ስለ ታማኝነቷ አመስግኗታል።

በፖስታ እንዳይደርሳት ብዬ ራሴ ይዤላት ሄድኩ። ቆማ አነበበችው። ሁለት ጊዜ።

«ሰባተኛውን የፈታሁት እኔ ነኝ ተብሎ ተጽፏል?»

«በእኔ ሪፖርት ላይ ተጽፏል። በመጀመሪያው ገጽ።»

ራሷን ነቀነቀች። ደብዳቤውን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችና ወደ ጥጓ ተመለሰች፤ የሆነ ሰው ስልክ ተፈትቶ ይጠብቃታል።

ወንድሟ ተከትሎኝ ወጣ። በሩን ከኋላው ዘጋው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያንን ቃሏን ባይጽፉት ኖሮስ?»

ልዋሸው ፈለግኩ። ስንት ሰው ዋሽቻለሁ።

«ቦታው የእሷ ነበር» አልኩት።

አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከፋኝ። ከስንት ዓመት በኋላ መከፋት እንዲህ ደረት ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሆነ ሊጠፋኝ ምንም አልቀረው።

«ክሱ ተነሳ ሲሉኝ ጊዜ አለፈላት ብዬ ሻንጣ ገዝቼላት ነበር» አለ። «ትልቅ፣ ጎማ ያለው። እሷ አላየችውም፤ ከባንኮኒው ሥር ነው ያለው። አሁን ምን ብዬ ነው የማወጣው?»

አላውቅም አልኩት።